«ይማርህ!» ብቻ የማይበቃው ማስነጠስ

በዓለም ላይ ስማቸውና ግብራቸው የማይገናኝ ብዙ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ሲገናኙ ቤተ ሰብ የሚያጣሉ ስለ ሆኑ፣ ዛሬ ስለ እነርሱ ጥቂት እንጫወት። አንደኛው ፈረንጆች «የድርቆሽ ትኩሳት» የሚሉት ሕመም ነው። ይህ ሕመም ትኩሳት የለውም፤ ድርቆሽ በሌለበትም ይነሣል። ሁለተኛው «ጊኒ ፒግ» ማለትም «የጊኒ አሳማ» የሚባለው ትንሽ እንስሳ ነው። እርሱም ከጊኒ አልመጣም፤ አሳማም አይደለም።

ጊኒ ፒግን ላላየ አንባቢ መልኩን ለመግለጽ ያህል፣ ከአይጥ የሚበልጥ፣ ከጥንቸል የሚያንስ፣ ጅራት የሌለው፣ ጆሮው አጭር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ የሆነ ለስላሳ እንስሳ ነው። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ተራራማ ምድር፣ ማለትም የፔሩና የቦሊቪያ አካባቢ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አላምደው በማድ ቤታቸው ሲያረቡት ኖረዋል፤ ሥጋውንም ይበላሉ። እንዲያውም በፔሩ በኩስኮ ከተማ ካቴድራል ውስጥ የሚገኘውና የማርኮስ ሳፓታ ሥራ ነው የሚባለው የ18ኛው መቶ ዓመት የጸሎተ ሐሙስ ራት ሥዕል፣ በገበታው መካከል በሳሕን ላይ የተጠበሰ ጊኒ ፒግ ያሳያል ይባላል። እስፓኛውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮጳ ከወሰዱት በኋላ ግን ምግብነቱ ቀርቶ የልጆች መጫወቻና የቤት ጓደኛ ሆነ። ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ በብዙ ቤቶች ውስጥ ይኖራል፤ ምግብ የያዘ ሰው እግር ኮቴ ሲሰማ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ እያሰማ ይቀበላል።

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይረባናል። በመጀመሪያ፣ በውጭ አገር የሚኖሩት ወገኖቻችን ልጆች እንደ ጎረቤቶቻቸው ልጆች እንስሳ ያሳድጋሉ። ሁለተኛ፣ ድርቆሽ የሚያስነጥሰው ሰው የሚገኘው በባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር ሣር ሲታጨድ ዓይኑ የሚያቃጥለው፣ ላሞቹን ሲቀልብ የሚያስለው ሰው በእኛም አገር አለ። ሲያስነጥስ «ይማርህ!» እንለዋለን እንጂ ለምን እንዳስነጠሰ አንጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን በአሜሪካ በዋሺንግተን አጠገብ የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የላከልኝ ደብዳቤ ነው። የስምንት ዓመት ሴት ልጁ ሁለት ጊኒ ፒጎች አሏት። እንስሳቱ ቤት ከገቡ ወዲህ ግን የባለቤቱ ዓይን ይቀላል፤ አፍንጫዋ እንደ ምንጭ ይፈሳል፤ ክንድዋ ላይ ሽፍታ ይወጣል። «ልጂቱ ታለቅሳለች፤ እናትዋ ታስነጥሳለች፤ እኔ በመካከላቸው ዳኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ» ይላል ደብዳቤው። «አንተ የሳይንስ አስተማሪ ነህና እስቲ ፍረድ። ድርቆሹን ትተን ካሮት ብቻ ብንቀልባቸውስ?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁለት ነው። ድርቆሹን ማስቀረት አይቻልም፤ ጥፋተኛው ሳይለይም በማንም ላይ አይፈረድም። ሁለቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

እንስሳውና ድርቆሹ

ጊኒ ፒግ 20 ጥርሶች አሉት። እነዚህ ጥርሶች እንደ እኛ ጥርስ አድገው የሚቆሙ ሳይሆኑ፣ እንደ ጥፍር ዕድሜ ልክ የሚያድጉ ናቸው። የሚሞርዳቸው እንስሳው ቃጫ ያለውን ረጅም ሣር ቀኑን ሙሉ ሲያላምጥ መዋሉ ነው። ድርቆሽ ቢቀርበት የመንጋጋ ጥርሶቹ ያለ ልክ አድገው በምላሱ ላይ እስከ መጋጠም ይደርሳሉ። ያን ጊዜ እንስሳው ምግብ ፊቱ ተቀምጦ በረኃብ ይሞታል። አንጀቱም እንደዚሁ ነው፤ ቃጫ ያለው ምግብ ካልገፋው ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ሳይበላ የዋለ ጊኒ ፒግ ለሞት የቀረበ ነውና ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። ካሮት ስኳር ስለሚበዛበት በጥቂቱ ካልሆነ አይሰጥም፤ በፋብሪካ የተጠቀጠቀው ፍሬ መሳይ ምግብም የድርቆሽ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም።

ከድርቆሹ ሌላ ይህ እንስሳ እኛን የሚመስልበት አንድ ድካም አለው። ብዙዎቹ እንስሳት ቪታሚን ሲን በሰውነታቸው ሲሠሩ፣ ሰውና ጊኒ ፒግ ግን ከምግብ ካላገኙት ድድ የሚያደማውና መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ስከርቪ የሚባል በሽታ ይይዛቸዋል። ይህንንም ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት፣ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ በመቀለብ አሳይተዋል። ስለዚህ እንስሳው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ ያስፈልገዋል። የማያቃጥለው የፈረንጅ ቃሪያ ለዚህ ጥሩ ነው።

እንግዲህ ጊኒ ፒግ ባለበት ቤት ድርቆሽ ይኖራል። «ይኑር ወይስ አይኑር?» ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው «እንዴት ይኑር?» ነው።

ሣሩ የተከሰሰበት ታሪክ

ጆን ቦስቶክ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ በበጋው መግቢያ ዓይኑ እየቀላ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ደረቱ እየታፈነ ይሠቃይ ነበር። በ1819 ዓ.ም. የራሱን ሕመም እንደ ሌላ ሰው ሕመም አድርጎ በለንደን ለሐኪሞች ማኅበር ገለጠ። ከዚያም የሚመስሉትን ሕመምተኞች ሲፈልግ ዓመታት ቈይቶ በ1828 ዓ.ም. ያቀረበው 28 ሰዎችን ብቻ ነበር። ሕዝቡ «የአዲስ ድርቆሽ ሽታ ያመጣው ነው» ብሎ ሕመሙን በድርቆሽ ስም ጠራው። ቦስቶክ ግን ይህን አልተቀበለም፤ ጥፋቱን በበጋው ሙቀት ላይ ጣለ።

ነገሩን የለየው ሌላው እንግሊዛዊ፣ የማንቸስተሩ ቻርልስ ብላክሊ ነው። እርሱም ሕመምተኛ ነበርና ራሱን መመርመሪያ አደረገ። የሣር አበባ ብናኝ ወስዶ ወደ አፍንጫው አስገባ፤ ቆዳውንም ጭሮ ብናኙን ቀባበት። ሙጫ መሳይ ነገር የተቀባ ብርጭቆ በወረቀት አሞራ ላይ አስሮ ወደ ሰማይ በመላክ ብናኙ በአየር ላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል መረመረ። በ1873 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋተኛው ሽታው ወይም ሙቀቱ ሳይሆን የሣር አበባ ብናኝ መሆኑን አስረዳ።

በ1906 ዓ.ም. ደግሞ የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ «አለርጂ» የሚለውን ቃል ፈጠረ። አለርጂ ማለት፣ በምሳሌ ብንናገረው፣ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሰላማዊውን እንግዳ ሌባ መስሎት ጩኸቱን እንደሚያቀልጠው ያለ ነገር ነው። ብናኙ በራሱ መርዝ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ግን ጠላት ነው ብሎ አንድ ጊዜ ከመዘገበው በኋላ፣ ባየው ቊጥር ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል። የሚያሳክከው፣ የሚያስነጥሰው፣ ዓይን የሚያቀላው ይኸው ሂስታሚን ነው።

አራቱ ተጠርጣሪዎች

ጊኒ ፒግ ባለበት ቤት አንድ ሰው ሲያስነጥስ አራት ተጠርጣሪዎች አሉ።

አንደኛው የሣር አበባ ብናኝ ነው። በውጭ አገር ለእነዚህ እንስሳት በብዛት የሚሸጠው «ቲሞቲ» የሚባለው ሣር ድርቆሽ ሲሆን፣ የዚህ ሣር ብናኝ ሰውን በማስነጠስ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ሻጋታ ነው፤ እርጥብ ሳለ የታሰረ ወይም እርጥበት ባለበት ቤት የተቀመጠ ድርቆሽ ይሻግታል። ሦስተኛው ተራ አቧራና በአቧራ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ናቸው። አራተኛው እንስሳው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በጠጉሩ ላይ ያደርጋል፤ ነገር ግን አለርጂውን የሚያመጣው በሽንቱ፣ በምራቁና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሽንቱ ጉዝጓዙ ላይ ደርቆ ሲቦን ይተነፈሳል።

ስለ ሻጋታ አንድ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። የሻገተ ድርቆሽ ከነካ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ቈይቶ ብርድ ብርድ የሚለው፣ የሚያተኩሰው፣ የሚያስለውና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው የያዘው ተራ ማስነጠስ አይደለም። ፈረንጆች «የገበሬ ሳንባ» የሚሉት በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ ካልታወቀና ከሻጋታው ካልራቁ ሳንባን ለዘለቄታው ያጠባል። ከብት የሚያረባም ሆነ በጋሪ ፈረስ የሚተዳደር ሁሉ ይህን ይወቅ። የሻገተ ድርቆሽ ለሰውም ለእንስሳም አይሆንምና መጣል ነው።

ተጠርጣሪዎቹን ለመለየት፣ ደረቱን የማያፍነው ሰው እንዲህ አድርጎ ሊታዘብ ይችላል። አንድ ቀን ድርቆሹ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ቤቱ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ጊኒ ፒጉን በንጹሕ ፎጣ ላይ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ይቀፈው። በሌላ ቀን ደግሞ እንስሳው ሳይነካ ድርቆሹን ብቻ ይያዝ። የሚሰማውንም ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፍ። የመጨረሻው ቃል ግን የሐኪም ነው። ሐኪሙ ቆዳን በትንሹ በመውጋት ወይም ደምን በመመርመር የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ጓደኛዬ ይህን ሲያደርግ ባለቤቱ እንስሳቱን ግማሽ ሰዓት አቅፋ ምንም አልሆነችም። የድርቆሹ ከረጢት በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ማስነጠስ ጀመረች። ሐኪሙም የሣር ብናኝ አለርጂ መሆኑን አረጋገጠላት። እንስሳቱ በነፃ ተለቀቁ፤ ድርቆሹ በዋስ ወጣ።

በዋስ የወጣ ድርቆሽ

ዋሱ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም ከዚህ ይጀምራል፤ የሚቻል ከሆነ ድርቆሹን የሚያቀርበው አለርጂ የሌለበት የቤቱ ሰው ይሁን። በጓደኛዬ ቤት ይህ ሥራ የአባትየው ሆኗል። የማይቻል ከሆነ ሰውየው ረጅም እጅጌ ልብስና ጓንት ያድርግ፤ አፍንጫና አፉንም በደንብ በሚገጥም መሸፈኛ ይከልል። ሥራው ሲያበቃ ልብሱን ይለውጥ፤ እጁንና ፊቱን ይታጠብ። አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብም ይጠቅማል። ለዚህ ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እንጂ ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ አይደረግም፤ ለአንድ ብርጭቆ ውኃ ከሩብ እስከ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

ድርቆሹ የሚቀመጠው ከመኖሪያ ክፍል ውጭ፣ በረንዳ ላይ ወይም በዕቃ ቤት ነው። አየር በማያስገባ ላስቲክ ቢታፈን ስለሚሻግት፣ በጨርቅ ከረጢት ወይም ቀዳዳ ባለው ሣጥን ይቀመጥ። ከረጢቱን ከፍቶ ማራገፍ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ነው። የአንድ ሳምንቱን ድርሻ በአንድ ጊዜ በወረቀት ከረጢቶች ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ በየቀኑ ይነሣ የነበረውን ብናኝ ወደ ሳምንታዊ ያወርደዋል። በድርቆሹ ላይ ትንሽ ውኃ መርጨትም ብናኙን ያስተኛዋል፤ ነገር ግን የረጠበው ሳይበላ ካደረ ይሻግታልና ማታውን መነሣት አለበት።

ሲገዙም መምረጥ ነው። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ሽታው ደስ የሚል፣ ሲያራግፉት የማይቦን ነው። ከመጀመሪያው አጨዳ ይልቅ ሁለተኛው አጨዳ አበባና ዘር ስለሚያንሰው ለብዙ ሕመምተኞች ይሻላል።

የእንስሳቱ ቤት ከመኝታ ክፍል ይራቅ፤ ሰው ሌሊቱን የሚተነፍሰው እዚያ ነውና። ምንጣፍ በሌለው ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ጉዝጓዙ ድርቆሽ መሆን የለበትም፤ የሚታጠብ ወፍራም ጨርቅ ማንጠፍ ብናኙን ይቀንሳል። ድርቆሹ ለመብልነት በአንድ ማዕዘን ብቻ ይቀመጥ። ሽንት የነካው ጨርቅ ሳይደርቅ ቶሎ ቶሎ ይለወጥ።

ጤፍ በባሕር ማዶ

እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ የሚደሰትበት ነገር አለ። በውጭ አገር ከቲሞቲ ሌላ ለእንስሳት ከሚሸጡት የድርቆሽ ዓይነቶች አንዱ የእኛው ጤፍ ነው። በደቡብ አፍሪካ ጤፍ ለእንጀራ ሳይሆን ለድርቆሽ የሚዘራ ሣር ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአሜሪካም ለፈረስና ለትናንሽ የቤት እንስሳት ይሸጣል። የሚታጨደውም ፍሬው ሳይበስል ነው። ስለዚህ ግድግዳ ስንመርግ ከጭቃ ጋር ከምናቦካው ጭድ ጋር አይምታታ። ጭድ ፍሬው የተወቃለት ደረቅ አገዳ ስለ ሆነ ጊኒ ፒግን ድርቆሽ እንደሚመግበው አይመግብም።

ለሕመምተኛውስ ምን ጥቅም አለው? የሣር ወገን በብዙ ነገድ የተከፈለ ነው። ቲሞቲና አብዛኞቹ የአውሮጳ መስክ ሣሮች የአንድ ነገድ ሲሆኑ፣ ጤፍ የሌላ ነገድ ነው። የአንድ ነገድ ሣሮች ብናኝ እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል፣ ቲሞቲ የሚያስነጥሰው ሰው ወደ ቅርብ ዘመዱ ቢዛወር ብዙ ጊዜ ለውጥ አያገኝም። የሩቅ ዘመድ ወደ ሆነው ሣር ቢዛወር ግን አንዳንዱ ሰው ይሻለዋል። ይህ ለሁሉም የሚሠራ ተስፋ አይደለም፤ የሩቅ ዘመዶችም ጥቂት የሚጋሩት ነገር አላቸውና። ስለዚህ ብዙ ከመግዛት በፊት በትንሹ መሞከር ይገባል። ያለዚያ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

መድኃኒቱና ባለውለታው

ዛሬ ለአለርጂ የሚሰጡት እንክብሎች ሂስታሚንን የሚያግዱ ናቸው። የቀድሞዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ፈተና ላለበት ተማሪም ሆነ መኪና ለሚነዳ ሰው አይመቹም። አዲሶቹ፣ እንደ ሴቲሪዚንና ሎራታዲን ያሉት፣ እንቅልፋቸው ያነሰ ነው። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒትም አለ፤ ይህኛው ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ለቀናት በተከታታይ ሲወሰድ ነው። ከዚህም ሌላ ሊዮናርድ ኑን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1911 ዓ.ም. ያስተዋወቀው መንገድ አለ። ይኸውም ብናኙን ራሱን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ ዘበኛውን ማላመድ ነው። ዛሬ በመርፌም ከምላስ ሥር በሚሟሟ እንክብልም ይሰጣል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚስማማውን የሚመርጠው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

እነዚህ ሂስታሚን አጋጅ መድኃኒቶች እንዴት ተገኙ? በ1937 ዓ.ም. በፓሪስ በፓስተር ተቋም ዳንኤል ቦቬና ተማሪው አን ማሪ ስታውብ፣ እንስሳን ለመግደል ከሚበቃ ሂስታሚን የሚያድን ንጥረ ነገር አገኙ። የመጀመሪያው ለሰው የማይሆን መርዛማ ቢሆንም፣ ከእርሱ ቀጥሎ የተሻሉት መጡ። ቦቬም በ1957 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሞከሩበትም እንስሳ የትንፋሽ ቧንቧው ለሂስታሚን እጅግ ስስ የሆነው ጊኒ ፒግ ነበር። ስለዚህ የጊኒ ፒግ ድርቆሽ ሲያስነጥሰው አንድ እንክብል ውጦ የሚሻለው ሰው፣ ለመድኃኒቱም ባለዕዳው ያው እንስሳ ነው።

መለያየት ግድ ሲሆን

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሌሊት ሌሊት የሚያስል፣ ሲተነፍስ ደረቱ የሚያፏጭ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚታፈን ሰው ነገሩ ከአፍንጫ አልፎ ወደ አስም ደርሷልና ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ። አስም ሰውን ይገድላል፤ የልጅ ዕንባ ግን ይደርቃል። ሐኪሙ «ይለዩ» ካለ ያለ ክርክር መለየት ነው። ለልጁም እውነቱን መንገር ይገባል፦ እንስሳው አላጠፋም፣ እናትም አልጠላችውም፣ ሰውነትዋ እምቢ ስላላት ነው።

ገና እንስሳ ያልገዛ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያስብበት። ጊኒ ፒግ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይኖራል። ብቻውን መኖር የማይወድ እንስሳ በመሆኑ በስዊስ አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ያለ ጓደኛ ማኖርን ከልክሏል። ከመግዛት በፊት እንስሳው ካለበት ጎረቤት ቤት አንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ፣ ድርቆሹን ጭምር ይዞ መሞከር ከብዙ ኀዘን ያድናል። መለየት ግድ የሆነበት ሰውም እንስሳውን ሜዳ ላይ አይጣለው፤ ለሚያውቅበት ሰው፣ ከነጓደኛውና ከነድርቆሹ ያስረክበው።